ጌኦርግ ሃክል ሦስቱን ወርቅ ያመጣው ራሱ ነው ወይስ ስሌዱ?

ባቢ77፦

ሰላም ለሁላችሁም። ሰሞኑን የድሮ የክረምት ኦሎምፒክ ቪዲዮዎች ውስጥ ገብቼ መውጫው ጠፍቶኛል፣ ለምን እንደገባሁ አትጠይቁኝ ዩቲዩብ ነው የመራኝ፣ እና ሉጅ የሚባለው ጋ ደረስኩ። ለማታውቁት፣ ያ ስሌድ በሚባል የበረዶ መንሸራተቻ ላይ በጀርባ ተኝቶ እግርን አስቀድሞ በበረዶ ቦይ ውስጥ ቁልቁል የሚወረወሩበት ነው። እዛ ላይ አንድ ጀርመናዊ አለ ጌኦርግ ሃክል ሚባል። እ.ኤ.አ. በ1988 ካልጋሪ ላይ ብር፣ 1992 አልበርትቪል ወርቅ፣ 1994 ሊልሃመር ወርቅ፣ 1998 ናጋኖ ወርቅ፣ 2002 ሶልት ሌክ ደሞ ብር። በአንድ የግል ውድድር በአምስት ተከታታይ የክረምት ኦሎምፒክ ሜዳሊያ ያገኘ የመጀመሪያው ሰው ነው ይላሉ።

እሺ ይሁን። ግን ሰውየውን ስታዩት አትሌት አይመስልም እኮ። አጠር ደልደል ያለ ነው፣ የጀርመን ጋዜጦች ራሳቸው ያን ነጭ ሱቱን አይተው «የሚበረው ነጭ ቋሊማ» እያሉ ነበር የሚጠሩት። ከዛ ስሌዱን ራሱ ነው የሚሰራው ሲባል አነበብኩ፣ ናጋኖ ላይ ደግሞ ጫማው ሕግ ይጥሳል ተብሎ ተቃውሞ ቀርቦበታል ሲባል አነበብኩና በቃ ልቤ ሸፈተ። ያሸነፈው ሰውየው ነው ወይስ ዕቃው? ቁልቁል የሚያወርደው ስበት ከሆነ፣ ተኝቶ መውረድ ውስጥ ችሎታው የቱ ጋ ነው? ሳትሰድቡኝ አስረዱኝ። ህይወቱን በደንብ የሚያውቅ ካለም ከየት ተነስቶ የት እንደደረሰ ይንገረኝ።


ማሙሽ_ቴክ፦

ተኝቶ የሚሸለም ሰው አይቼ አላውቅም ሃሃሃ እኔም ይሄን ስፖርት ቢያስገቡኝ ቢያንስ ነሐስ አላጣም። ስሌዱ ነው ወንድሜ፣ ጀርመን ናት እኮ፣ መኪና የሚሰራ አገር ስሌድ ቢያቅተው ነው የሚገርመው።


የኩርባ_ልጅ፦

ማሙሽ አንተ የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ነው የምትቀረው፣ ነሐሱን ተወው።

ባቢ ጥያቄህ ጥሩ ነው ግን «ስበት ነው የሚያወርደው» ያልካት ላይ ትንሽ እንቁም። ስበት ሁሉንም ነው የሚያወርደው፣ ልዩነቱ ያንን ፍጥነት ሳያባክን ታች የደረሰው ማነው የሚለው ነው። ሉጅ ላይ አትሌቱ በራሱ ጉልበት ፍጥነት የሚጨምርበት ቦታ አንድ ብቻ ነው፣ ስታርቱ። ግራና ቀኝ ያለውን እጀታ ይዞ ወደፊት ወደኋላ ይወዛወዝና ራሱን ይወነጭፋል፣ ከዛ ጣቱ ላይ እሾህ ባለው ጓንት በረዶውን ጥቂት ጊዜ ቧጦ ይገፋና ይተኛል። አለቀ። ከዚያ በኋላ የሚያረገው ነገር ሁሉ ወይ ፍጥነቱን ይጠብቅለታል ወይ ይበላበታል፣ የሚጨምርለት የለም። ፍሬን የለም፣ መሪ የለም። የሚነዳው በባቱ ነው፣ ከፊት ወደ ላይ የታጠፉትን ሁለቱን የስሌዱን እግሮች በባቱ ይጫናል፣ ግራውን ሲጫን ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ ቀኙን ሲጫን ወደ ግራ፣ በትከሻው ደግሞ ከኋላ እየተጫነ ያግዛል። ይሄን ሁሉ በሰዓት ከ120 እስከ 140 ኪሎሜትር እየሄደ፣ ኩርባ ውስጥ የራሱ ክብደት አራት አምስት እጥፍ ሆኖ እየተጫነው፣ ጭንቅላቱን ቀና ሳያረግ ነው። ቀና ካለ ንፋሱ ይይዘዋል፣ ቀና ካላለ ደግሞ መንገዱን በደንብ አያይም፣ ስለዚህ ትራኩን ከላይ እስከታች በቃሉ ያውቀዋል፣ ኩርባው መጣ የሚለውን ሰውነቱ ነው የሚነግረው።

እና ዋናው ችግር ምን መሰለህ፣ በተጫንክ ቁጥር ከስሌዱ ስር ያለው ብረት በረዶውን ይነክሳል፣ በነከሰ ቁጥር ፍጥነት ይቀንሳል። ስለዚህ ጎበዙ ብዙ የሚነዳው አይደለም፣ በትክክለኛዋ ቅጽበት ትንሽ ነክቶ የሚተወው ነው። ኩርባ ላይ ዘግይቶ የገባ ሰው ሲወጣ ግድግዳ ይመታል፣ ግድግዳ ከመታ ደግሞ ቀጥታው መንገድ ላይ እየተላጋ ይሄዳል፣ ያኔ ወርቁን ረስቶ ስለመጨረስ ማሰብ ይጀምራል። ኦሎምፒክ ላይ ደግሞ አንዴ ወርደህ አትገላገልም፣ በሁለት ቀን አራት ጊዜ ነው፣ ሰዓቱ ይደመራል፣ የሚለካው በሰከንድ ሺህኛ ነው። ሦስቱን አሳምረህ አራተኛው ላይ ብትስት ጉድ ነው የሚፈላው። ጀርመናዊውን ፌሊክስ ሎክን ተመልከት፣ 2018 ፒዮንግቻንግ ላይ እስከ ሦስተኛው ዙር እየመራ መጥቶ መጨረሻው ላይ አንድ ኩርባ አምልጦት አምስተኛ ወጣ።

ሃክል ጋ ስንመጣ፣ 1966 ቤርህተስጋደን ነው የተወለደው፣ ከኦስትሪያ ድንበር ጥግ ያለች የባቫሪያ ተራራማ አገር። አጠገቡ ደግሞ ኮኒግሴ አለ፣ በዓለም የመጀመሪያው በማሽን የሚቀዘቅዝ ሰው ሰራሽ ትራክ እዛ ነው የተሰራው፣ በ1960ዎቹ መጨረሻ፣ ማለትም እሱ ገና ህጻን እያለ። ሌላ አገር ያለ ልጅ ብርዱ እስኪመጣ በረዶው እስኪጠነክር ሲጠብቅ፣ እዛ አካባቢ ያለ ልጅ ማሽኑ ተነስቷል ወይ ብሎ ነው የሚጠይቀው። ይሄን እንደ ቀላል ነገር አትዩት፣ ሉጅ በወረደው ዙር ብዛት የሚለመድ ነገር ነው፣ ትራክ ደግሞ በዓለም ላይ ቁጥሩ ትንሽ ነው።

21 ዓመቱ ላይ ካልጋሪ ሄዶ ብር አመጣ፣ ያሸነፈው የምስራቅ ጀርመኑ የንስ ሙለር ነበር። ያኔ ጀርመን ገና ሁለት ነች፣ ሃክል የምዕራቡን ማልያ ነው የለበሰው። በቀጣዮቹ ሁለት ዓመታት፣ 1989 እና 1990፣ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፣ ከዛ ያልካቸው ሦስት ወርቆች ተከተሉ።


ማሙሽ_ቴክ፦

እሺ ጉልበት አለው ብዬ ልቀበል። ግን ጥያቄው አልተመለሰም እኮ፣ ሌሎቹም ይሄን ሁሉ ይችላሉ፣ እነሱም ትራኩን በቃላቸው ያውቁታል። እሱን ምን ለየው? እኔ ዕቃው ነው ብያለሁ፣ ቆሜ እሟገታለሁ።


ሳሮን_ቲ፦

ማሙሽዬ እኔ ደግሞ «ዕቃው ነው» ብትል እንኳን ሰውየውን አላሳነስከውም ነው የምለው። ሃክል በሙያው ብረት ሰራተኛ ነው፣ ተምሮ የሰለጠነበት ሙያ ነው፣ በኋላ ነው በጀርመን ጦር ውስጥ እንደ ስፖርተኛ ወታደር ሆኖ ሙሉ ጊዜውን ለሉጅ የሰጠው። ስሌዱን የሚሰራለት ሰው ቀጥሮ እሱ ላዩ ላይ የሚተኛ አይደለም፣ ራሱ ነው የሚበየድ የሚሞርደው፣ ብረቱን በብርጭቆ ወረቀት የሚወለውለው። እና ይሄ ለምን እንደሚጠቅመው አስቡት፣ ሌላ አትሌት ወርዶ «ስሌዱ ኩርባው ላይ አልታዘዝ አለኝ» ብሎ ለቴክኒሻን ይነግራል፣ ቴክኒሻኑ በገባው መጠን ያስተካክላል፣ ሃክል ጋ ግን የተሰማው ሰውነትና የሚሞርደው እጅ የአንድ ሰው ነው። መሀል ላይ የሚጠፋ ወሬ የለም። ይሄ ነው ለኔ ትልቁ ልዩነት።

ደግሞ ዕቃ ማለት እንደፈለክ ማለት አይደለም። በሱ ዘመን የነጠላ ስሌድ ክብደት ከ23 ኪሎ እንዳይበልጥ ይመዘናል፣ ብረቱ ከመነሳቱ በፊት ሙቀቱ ይለካል፣ አየሩ ላይ ከተሰቀለው መለኪያ ብረት ከ5 ዲግሪ በላይ ከሞቀ ተባረርክ። ምክንያቱም የሞቀ ብረት በረዶውን ቀለጥ እያረገ ስለሚንሸራተት ይፈጥናል። ይሄ ነገር የመጣው ከሰማይ አይደለም፣ 1968 ግሬኖብል ላይ የምስራቅ ጀርመን ሴቶች ብረታቸውን አሙቀዋል ተብለው ሦስቱ ተባረዋል፣ ኦርትሩን ኤንደርላይን አንደኛ ሆና እየመራች ነበር፣ ወርቁ ለጣልያኗ ኤሪካ ሌክነር ሄደ። ስለዚህ በዚህ ስፖርት ማጭበርበር ምን እንደሚመስል ሁሉም ያውቃል፣ ዳኞቹም ዓይናቸው ክፍት ነው።

ወደ ጫማው ልምጣ። ናጋኖ 1998 ላይ የጀርመን ቡድን ንፋስ እንዲቀንስ ተደርጎ የተሰራ አዲስ ጫማ ይዞ መጣ፣ ቢጫ ነበር፣ ተደብቆ የሚለበስ ነገር አይደለም። አሜሪካና ካናዳ ተቃውሞ አስገቡ፣ ታየ፣ ውድቅ ሆነ። በቃ ታሪኩ ይሄ ነው። እና አስተውሉ፣ እዛ ውድድር ላይ ሃክል አራቱንም ዙር ፈጣኑን ሰዓት ያመጣው እሱ ነው፣ ሁለተኛ የወጣውን ጣልያናዊውን አርሚን ዞገለርን የቀደመው በግማሽ ሰከንድ ገደማ ነው። በሺህኛ በሚለካ ስፖርት ግማሽ ሰከንድ ማለት ሌላ አገር ነው። ያንኑ ጫማ ያደረገው የቡድን ጓደኛው የንስ ሙለር፣ አዎ ያው የካልጋሪው፣ ሦስተኛ ነው የወጣው። ጫማው ወርቅ የሚያመጣ ቢሆን ሁለቱም አንድ ላይ በመጡ ነበር።


ባቢ77፦

ኧረ ይሄ ሁሉ አለ እንዴ። ሳሮን የጫማው ነገር ገብቶኛል አመሰግናለሁ። ግን አሁን ደግሞ ሌላ ነገር አጋጠመኝ፣ ውጤቶቹን ሳይ ማርኩስ ፕሮክ የሚባል ኦስትሪያዊ አለ፣ የዓለም ዋንጫን አጠቃላይ 10 ጊዜ ወስዷል። ሃክል ሁለት ብቻ። በየሳምንቱ የሚያሸንፈው ፕሮክ ከሆነ ጎበዙ እሱ አይደለም እንዴ? ኦሎምፒክ ላይ ግን ፕሮክ ወርቅ የለውም። ይሄ እንዴት ሊሆን ይችላል?


የኩርባ_ልጅ፦

አሁን ነው ጨዋታው የመጣው። የሃክል ታሪክ ያለ ፕሮክ ጨው የለውም።

1992 አልበርትቪል፣ ሃክል አንደኛ ፕሮክ ሁለተኛ፣ ልዩነቱ 0.306 ሰከንድ። እሺ ይሄ ይሁን። 1994 ሊልሃመር፣ እንደገና ሃክል አንደኛ ፕሮክ ሁለተኛ፣ ልዩነቱ 0.013። አራት ዙር ተደምሮ ነው እንግዲህ። ትራኩ ከ1300 ሜትር በላይ ነው፣ አራት ጊዜ ሲወርዱት ከአምስት ኪሎሜትር ያልፋል፣ በሰዓት በ120 ኪሎሜትር ብታስበው ያቺ 0.013 ወደ 43 ሳንቲሜትር ገደማ ነች። ከአምስት ኪሎሜትር በላይ ወርደህ ክንድ በማትሞላ ነገር ወርቅ ማጣት ማለት ነው። ፕሮክ ብሆን ስሌዴን ለማገዶ ነበር የማረገው።

ግን አላቆመም። 2002 ሶልት ሌክ ላይ ሁለቱም እያረጁ ተገናኙ፣ ያኔ ወርቁን ዞገለር ወስዶታል፣ ብሩን ሃክል፣ ነሐሱን ፕሮክ። በሁለቱ መሀል የነበረው ልዩነት ስንት ይመስልሃል? 0.013። አሁንም ያችው። ይሄን ቁጥር ሰው ፈጥሮ ቢጽፈው «አጋነንክ» ይባላል።

ለምን ሃክል ኦሎምፒክ ላይ ብቻ ይበልጥ ነበር ለሚለው የኔ ግምት ይሄ ነው፣ ማስረጃ አምጣ ብትሉኝ ውጤቱን ነው የማሳያችሁ። የዓለም ዋንጫ ክረምቱን ሙሉ ከትራክ ትራክ የሚዞር ነገር ነው፣ ነጥብ ይደመራል፣ እዛ የሚጠቅመው ሁሌም አለመሳሳት ነው፣ ፕሮክ በዛ ተወዳዳሪ የለውም። ሃክል ግን ያን ክረምት እንደ ሙከራ ጊዜ ነበር የሚያየው፣ ብረቱን ይቀይራል፣ አቀማመጡን ይቀይራል፣ ይሞክራል ይሸነፋል፣ የዛን ቀን ማሸነፉ እምብዛም አያሳስበውም። የአራት ዓመቱ ቀን ሲደርስ ግን ያ ሁሉ ሙከራ አንድ ስሌድ ላይ ተሰብስቦ ይመጣል። ናጋኖን ተመልከቱ፣ ከሱ በፊት የነበሩት ክረምቶች ላይ እሱ ነው የሚያሸንፈው የሚል ሰው ብዙ አልነበረም፣ መጥቶ አራቱንም ዙር ወሰደ። ደግሞ ዓለም ሻምፒዮና ላይም አንድ አንድ ጊዜ እንዲህ ያረግ ነበር፣ 1997 ላይ ኢንስብሩክ አጠገብ ኢግልስ ሄዶ አሸነፈ፣ ኢግልስ ማለት የፕሮክ ደጃፍ ነው።


ሳሮን_ቲ፦

በዚህ ትንሽ አልስማማም የኩርባ ልጅ። «እንደ ሙከራ ያየው ነበር» ስትል ሆን ብሎ የተሸነፈ ታስመስለዋለህ። እኔ ከስታርቱ ጋር ነው የማያይዘው። ሃክል ቁመቱ አጭር ነው፣ ክንዱ እንደ ረጃጅሞቹ አይደለም፣ ስታርት ላይ ከሱ የሚበልጡት ሁሌም ነበሩ። ስታርት ላይ ያጣትን ታች በአነዳድና በስሌድ ነው የሚመልሳት። የዓለም ዋንጫ ላይ ሁለት ዙር ብቻ ነው የሚወረደው፣ ኦሎምፒክ ላይ አራት። ዙሩ በበዛ ቁጥር ንጹህ የሚነዳው ሰው ነው የሚጠቀመው፣ ምክንያቱም ጉልበተኞቹ አንዱ ላይ ይስታሉ። እንዲህ ስታየው ምስጢር የለውም።


የኩርባ_ልጅ፦

እሱም ያስኬዳል። ሁለቱም ሊሆን ይችላል፣ አንዱ ሌላውን አያስቀረውም። ግን ፕሮክንም «ሳች» እንዳታስመስይው፣ 0.013 ስህተት አይባልም።


ኤልያስ_ዜድ፦

ዘግይቼ ነው ያየሁት፣ ሃክል ሃክል ስትሉ ሰማሁና መጣሁ። ለመሆኑ ዞገለርን እንዲህ በአንድ መስመር አልፋችሁት ነው የምትሄዱት? አርሚን ዞገለር እኮ ስድስት ነው ያለው! 1994 ነሐስ፣ 1998 ብር፣ 2002 ወርቅ፣ 2006 ወርቅ፣ 2010 ነሐስ፣ 2014 ነሐስ። ስድስት ኦሎምፒክ በተከታታይ በአንድ የግል ውድድር፣ ከሱ በፊት ማንም ያላረገው ነው። ሃያ ዓመት ማለት እኮ ነው፣ ሲጀምር አብረውት የወረዱት ልጆቻቸውን ይዘው መጥተው ሲያዩት። የዓለም ሻምፒዮናን በነጠላ ስድስት ጊዜ፣ የዓለም ዋንጫን አጠቃላይ እንደ ፕሮክ 10 ጊዜ። ማለትም የፕሮክም የሃክልም አለው። ጣልያኖች «ሰው በላው» ነው የሚሉት፣ የሚተርፈው ስለሌለ። ልጅ ሆኖ ክረምት ላይ ከቤቱ ትምህርት ቤት በስሌድ ነበር የሚወርደው፣ ደቡብ ቲሮል ተራራ ላይ ነው ያደገው፣ በኋላ ካራቢኒዬሪ የሚባለው የጣልያን ጦር ፖሊስ ገብቶ እዛ ነው ስፖርቱን የሰራው። 2006 ደግሞ በገዛ አገሩ ቼዛና ላይ ነው ወርቁን የደገመው፣ ሁሉም ዓይኑን እሱ ላይ ተክሎ።

ሰላሳ ምናምን ሰው ፊት ቀርቦ «ምርጡ ማነው» ቢባል ለኔ ጥያቄ የለውም። ወርቅ ብቻ ከቆጠራችሁ ሃክል 3 ዞገለር 2፣ እሱን ሰጥቻችኋለሁ።


ባቢ77፦

ኤልያስ ቁጥሩን ሳየው ላንተ ላደላ ነው። ግን ገርሞኝ፣ ዞገለር ራሱ ስሌዱን ይሰራል?


ኤልያስ_ዜድ፦

በስሌዱ ጉዳይ እሱም ጥንቁቅ ነው፣ ብረቱን ለማንም የሚተው ሰው አይደለም። በዚህ ስፖርት ላይ ያሉት ትልልቆቹ ሁሉ ከብረት ጋር የተጋቡ ናቸው ማለት ይቻላል። ሃክል ግን በዚህ ነገር ከሁሉም ያብሳል፣ እሱን አልክድም፣ እስከ ፖርሽ ኢንጅነሮች ድረስ ሄዶ አብሮ ሰርቷል።


ማሙሽ_ቴክ፦

ፖርሽ!! አላልኩም? አላልኩም?


ሳሮን_ቲ፦

ማሙሽ ቁጭ በል። ከፖርሽ ጋር ሰርቶ ሄዶ ሶልት ሌክ ላይ በዞገለር ተሸነፈ እኮ። ፖርሹ የት ሄደ?

በነገራችን ላይ ሁላችሁም ወንድ ብቻ ቆጥራችሁ «ምርጡ ማነው» ስትሉ እየታዘብኩ ነው። ጀርመናዊቷ ናታሊ ጋይዘንበርገር 2014፣ 2018፣ 2022 በነጠላ ሦስት ወርቅ፣ በቡድን ቅብብል ሌላ ሦስት፣ ከዛ በፊት 2010 ላይ ነሐስ። በሉጅ ኦሎምፒክ ከሷ በላይ ወርቅ የሰበሰበች ሴት አላየሁም። 2014 ላይ የቀደመችው በ1.139 ሰከንድ ነው፣ ፕሮክ ይሄን ሲሰማ ምን ይላል። 2020 ላይ ልጅ ወልዳ ተመልሳ ነው ደሞ የመጨረሻዎቹን ሁለት ወርቆች ቤይጂንግ ላይ የወሰደችው፣ ያ ትራክ 13ኛው ኩርባው ላይ ስንቱን እንደጣለ ያየ ያውቀዋል። የሷን ነገር ሌላ ጊዜ ለብቻው እከፍተዋለሁ፣ የባቢን ጥያቄ ላላበላሽበት።


ባቢ77፦

ክፈቺው እጠብቃለሁ። እስከዛው የሃክልን መጨረሻ ማን ይነግረኛል? 2002 ብር ካገኘ በኋላስ?


የኩርባ_ልጅ፦

2006 ቱሪን ስድስተኛ ኦሎምፒኩ ነበር፣ 39 ዓመቱ ላይ። ከዛ በፊት አንገቱ አካባቢ የዲስክ ችግር መጥቶበት ክንዱ ደክሞ ነበር፣ ስታርቱ ደግሞ ያው በክንድ ነው፣ ቀድሞም ጠንካራ ጎኑ ያልነበረው ነገር ጭራሽ ከዳው። ሰባተኛ ወጣ። ስድስተኛ ሜዳሊያ ሳያገኝ ቀረና ያ ሪከርድ በኋላ ለዞገለር ሆነ። ብዙ ሰው ይሄንን እንደ አሳዛኝ መጨረሻ ነው የሚያወራው፣ እኔ ግን በደከመ ክንድ 39 ዓመት ላይ ኦሎምፒክ ሰባተኛ መውጣት ከወርቆቹ ያልተናነሰ ነገር ነው የሚመስለኝ፣ ምክንያቱም የሳሮንን ነገር የሚያረጋግጠው እሱ ውጤት ነው። ስታርት ላይ ያጣውን ሁሉ ታች እየመለሰ ነው እዛ የደረሰው።

ከውድድር ከወጣ በኋላ ከስሌዱ አልራቀም። የጀርመን ቡድን ውስጥ አሰልጣኝና የዕቃ ባለሙያ ሆኖ ቀረ፣ ፌሊክስ ሎክ 2010 ቫንኩቨር ላይ በ20 ዓመቱ ወርቅ ሲወስድ ከስሌዱ ጀርባ የነበረው እጅ የሃክል ነው። መሀል ላይ ደሞ ቀልድ የማያጣ ሰው ነው፣ የጀርመን ቴሌቪዥን ላይ በቻይና መጥበሻ ቁጭ ብለው በቦብ ትራክ የሚወርዱበት ውድድር ነበር፣ አዎ መጥበሻ፣ የእውነት መጥበሻ፣ እዛም ሄዶ ደጋግሞ አሸንፏል። መጥበሻውንም ሳይሞርደው አልቀረም ባይ ነኝ።

ከዛ 2022 ቤይጂንግ ካለቀ በኋላ ያልተጠበቀው መጣ፣ ከጀርመን ለቆ የኦስትሪያ ቡድን ገባ። የፕሮክ አገር! ዕድሜውን ሙሉ በሺህኛ ሰከንድ ሲያስለቅሳቸው ለኖሩት ሰዎች ሄዶ ብረት ይሞርድላቸው ጀመር። ከሰፈሩ ኦስትሪያ ቅርብ ነው፣ ድንበሩ ጥግ ነው ብዬህ የለ። ኮኒግሴ ደግሞ 2021 ሐምሌ ላይ ጎርፍ መጥቶ ትራኩን ክፉኛ ስላፈረሰው ቤርህተስጋደን ያሉት ሉጀኞች ራሳቸው ልምምድ ፍለጋ ሌላ ቦታ መሄድ ነበረባቸው። ጀርመኖቹ ግን ሲሄድ ደስ እንዳላላቸው መገመት አይከብድም፣ ባለሙያው ብቻ አይደለም የሄደው፣ ጭንቅላቱ ውስጥ ያለውም አብሮ ነው የሄደው።


ማሙሽ_ቴክ፦

ቆይ ቆይ። አሁን ራሳችሁ ተናገራችሁ። ሰውየው ተኝቶ መውረድ ካቆመ በኋላ ሁለት አገር የሚፈልገው ለምንድነው? ስሌድ እንዲሰራላቸው! ስለዚህ ስሌዱ ነው ያሸነፈው፣ እኔ ከመጀመሪያው ያልኩት ነው።


ሳሮን_ቲ፦

ማሙሽ አሁንም ስሌዱን የሰራው ማነው ብዬ ልጠይቅህ ነው።


ማሙሽ_ቴክ፦

ሃክል።


ሳሮን_ቲ፦

አመሰግናለሁ።


ባቢ77፦

ሃሃሃ ተዉት በቃ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ የምሬን ነው፣ አሁን ቪዲዮውን በሌላ ዓይን ነው የማየው። አንድ የመጨረሻ ነገር፣ እንደኔ ለማያውቅ ሰው ሲያይ ምን ላይ ነው ማተኮር ያለበት? ሁሉም አንድ አይነት ነው የሚመስለኝ፣ ነጭ ነገር ሽው ብሎ ያልፋል፣ አለቀ።


የኩርባ_ልጅ፦

ሰውየውን አትይ፣ ከኩርባ ሲወጣ በስሌዱና በግድግዳው መሀል ያለውን ክፍተት እይ። ክፍተቱ ካለና ስሌዱ ቀጥ ብሎ ከሄደ ጥሩ ነው፣ ኋላው ወደ ጎን ከተንሸራተተ እዛ ጋ ጊዜ እየጠፋ ነው። ከዛ ስክሪኑ ላይ የመሀል ሰዓቶቹን ተከታተል፣ ስታርት ላይ ወደኋላ የነበረ ሰው በየመለኪያው እየቀነሰ ከመጣ ጎበዝ ነጂ ነው ማለት ነው። የሃክልን ናጋኖ ከዞገለር ጋር እያፈራረቅክ እየው፣ ከሊልሃመር ይልቅ እሱን አስቀድም፣ የሊልሃመሩ ላይ ሃክልና ፕሮክን በዓይን መለየት እኔም አልቻልኩም።


ኤልያስ_ዜድ፦

የዞገለርን 2006ም ጨምርበት። እሱን ሳታይ ሃክል ይበልጣል ብለህ እንዳትጽፍ።